ስለ እማማ ፎቶና ስለ ካሜራው

የካ አባዶ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? ባለቤትህና ልጆችህስ እንዴት ናቸው? እኔና ቤተሰቤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ወጥቶም ከኮንዶሚኒየማችን በላይ ያለው ተራራ ገና አረንጓዴነቱን አልለቀቀም፤ ጠዋት ጠዋት ከለገጣፎ በኩል የሚመጣው ብርድ ግን ከወዲሁ ጋቢ ያስደርባል።

እናትህ እማማ ካረፉበት ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድም ቀን በወግ አልተነጋገርንም። ደጋግመህ ስትደውል ስልኩ እጄ ላይ እየጠራ ዝም ብዬ አየው ነበር። የተቀየምሁህ መስሎህ እንደ ነበር እህትህ ነግራኛለች። ቂም አልነበረም፣ እፍረት ነው። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ደግሞ እርሷው ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ፣ ቤትህን አስይዘህ ከባንክ ልትበደርና ባለ 102 ሜጋፒክሰሉን፣ ማለትም ፎቶውን በ102 ሚሊዮን ነጥብ የሚጽፈውን፣ ፉጂፊልም ካሜራ ልትገዛ እንደ ሆነ ስላወጋችኝ ነው። ይህን ሰምቼ ዝም ብል ሁለተኛ በደል እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።

የሚከብደውን አስቀድሜ ልንገርህ። ቀብሩ ላይ ሰው መሃል ጠጋ ብለህ፣ «ያቺን የመስቀል ማግሥት ያነሣሃቸውን ፎቶ ለአርባቸው አሳጥብልኝ፣ ትልቅ አድርገህ» ስትለኝ «እሺ፣ አለች» አልሁህ። አልነበረችም። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ጠፍታ ነበር። እንዴት እንደ ጠፋች ለማስረዳት ከካሜራው መነሣት አለብኝ፤ ነገሩ ከእርሱ ተነሥቶ እየተያያዘ የመጣ ነውና።

በ2014 ዓ.ም. መጋቢት ላይ አንድ የምናውቀው ልጅ ከዱባይ ያስመጣውን ባለ 61 ሜጋፒክሰል ሶኒ ቦሌ አካባቢ በአንድ ሱቅ አሳየኝ። በሩ አጠገብ የተቀመጠችውን ሻጭ አንድ ጊዜ አነሣትና ፎቶውን በኮምፒውተር ከፍቶ ዓይኗን መቶ በመቶ አጎላው። በዓይኗ ብሌን ውስጥ መስኮቱ፣ በመስኮቱ ውስጥ ውጭ የቆመው ሚኒባስ ይታይ ነበር። ወንድሜ፣ ያን ሌሊት አልተኛሁም። ስንት ዓመት ያበላን ባለ 24 ሜጋፒክሰሉ ካሜራዬ በአንድ ከሰዓት በኋላ እንደ አሮጌ ጫማ ታየኝ። ይህ ስሜት ለሁለታችንም አዲስ አልነበረም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የኒኮኑ ዲ 800 በ36 ሜጋፒክሰል ሲወጣ፣ በ2015 ካኖን 50 ሲያልፍ፣ በ2019 ደግሞ ሶኒ 61 ሲደርስ በየጊዜው አብረን ተመኝተናል። የተመኘን ጊዜ ሁሉ በእጃችን ያለው ካሜራ አልተበላሸም ነበር፤ እኛ ነን እርሱን የምናይበት ዓይን የተለወጠብን።

በዚያው ወር የእቁብ ዕጣ ወጣልኝ፤ 240,000 ብር። ባለቤቴ ታች ካሉት የንግድ ሱቆች አንዱን ተከራይተን ስቱዲዮ እንድንከፍት አስባ ስትጠብቀው የነበረ ገንዘብ ነው። ካሜራው በውጭ አገር ሲወጣ ዋጋው 3,500 ዶላር ነበር፣ ያለ ሌንስ። ገንዘቡ ሁሉ ለእርሱ ሄደ። እርሷ አንድ ቃል አልተናገረችም፣ አለመናገሯ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። ከዚያ የድሮ ሌንሶቼን ስሰካበት የፎቶው ጠርዝ ላይ ያለው ድብዛዜ፣ ቀድሞ የማላየው፣ ፊት ለፊት መጣ። ስለዚህ በ2,200 ዶላር የወጣውን ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር የሚሠራ ሌንስ ከሰው እጅ በየወሩ እየከፈልሁ ወሰድሁ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ አንድ ፎቶ ለመክፈት እያቃሰተ አስቸገረ። የካሜራ ዋጋ ብለን የምንጠራው ገንዘብ የመጀመሪያው ክፍያ ብቻ መሆኑን የተረዳሁት ሁሉንም ከከፈልሁ በኋላ ነው።

ለዚህ ሁሉ ያገኘሁትን ደግሞ አስላልኝ። የ24 ሜጋፒክሰል ፎቶ በወርዱ 6,000 ነጥብ አለው፤ የ61ዱ 9,504። ቁጥሩ ከሁለት እጥፍ በላይ ያደገ ይመስላል እንጂ የሚታተመው ፎቶ ወርድ የሚጨምረው በግማሽና በጥቂት ነው፤ ወርዱን በእጥፍ ለማሳደግ ሜጋፒክሰሉ አራት እጥፍ መሆን አለበትና። ከእኔ 61 ወደ አንተ 102 ያለው ልዩነት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ደንበኞቻችን የሚያሳጥቡትን አንተም ታውቃለህ፦ አልበም፣ ለግድግዳ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ሲበዛ 50 በ70። ኤ3 ወረቀት በኢንች 300 ነጥብ ጥራት የሚጠይቀው 17 ሜጋፒክሰል ገደማ ነው፣ እሱም አፍንጫህን አስጠግተህ ለምታየው። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 በመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት በተባለው የፎቶ ፌስቲቫል አንድ ዓመት አብረን ሄደን ከትልልቆቹ ፎቶዎች ፊት እንዴት እንደ ቆምን ታስታውሳለህ? እግራችን ራሱ ወደ ኋላ ወሰደን። ከአንድ ሜትር ርቀት 60 በ90 ሳንቲ ሜትር የሆነን ፎቶ ለሚያይ የሰው ዓይን 6 ሜጋፒክሰል ያህል ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ከዚያ ርቀት መለየት አይችልም።

ባለ ብዙ ነጥብ ካሜራ ስሕተትንም በብዙ ነጥብ ይጽፋል። የመጀመሪያውን ሰርግ ያነሣሁ ዕለት እንደ ለመድሁት አዳራሹ ውስጥ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሻተሩን፣ ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ለሴኮንድ 60ኛ እጅ ብቻ እንዲከፈት አድርጌ ሠራሁ። በድሮው ካሜራ የማይታወቅ የእጅ መንቀጥቀጥ እዚህ ላይ፣ ነጥቦቹ በወርዳቸው ከሲሶ በላይ ስለሚያንሱ፣ የሙሽራዋን ሽፋሽፍት ሁሉ አደበዘዘው። ሻተሩን ወደ 125ኛና ከዚያ በላይ ሳፈጥነው ብርሃን አነሰ፣ አይ ኤስ ኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ስጨምር ጥላው ውስጥ እህል የመሰለ ነጠብጣብ በዛ። ትሪፖድ ተክዬ ሰርግ ልጨፍር? ፎቶው ሲሠምርም ሌላ ጣጣ ነበረው፦ ሙሽሮቹ የቆዳቸውን ቀዳዳ አይተው ደነገጡ፤ ለአንድ አልበም አንድ ሳምንት ይበቃኝ የነበረው ሥራ ፊት በማለስለስ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ለማሳየት በከፈልሁበት ገንዘብ ያሳየሁትን መልሼ ስደብቅ ማደር ጀመርሁ።

አሁን ወደ እማማ ልመጣ ነው። ያልታመቀው የ61 ሜጋፒክሰል ጥሬ ፋይል፣ ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይጨምቅ የሚጽፍበት፣ አንዱ 120 ሜጋባይት ያህል ነው። ቀድሞ ከ50 ጊጋባይት ብዙም የማያልፍ የነበረው የአንድ ሰርግ 1,800 ፎቶ ከ200 በላይ ሆነ። ሁልጊዜ በሁለት ሃርድ ዲስክ ማስቀመጥ እንዳለብን ለእኔ ያስተማርኸኝ አንተ ነህ። ሁለተኛውን ዲስክ መግዣ ግን በየወሩ የሌንሱ ዕዳ በላው። «በሚቀጥለው ሰርግ እገዛለሁ» እያልሁ ሁሉንም በአንድ ላይ ጫንሁት። በጥር 2016 ዓ.ም. አንድ ማታ ስገለብጥ መብራት ጠፋ፤ በጨለማ ሻማ ፍለጋ ስነሣ ገመዱ እግሬ ተጠምጥሞበት ዲስኩን እየዞረ ሳለ ከጠረጴዛ ላይ ወለሉ ላይ ጣለው። በማግሥቱ ዲስኩ ከግድግዳ ሰዓት ድምፅ የማይለይ ቀጭ ቀጭ ከማለት በቀር አልሠራም። ወስጄ አስከፈትሁት፤ የውስጡ ሳሕን ተቧጥጧል፣ ተስፋ የለውም አሉኝ። ለአንድ ቤተሰብ ያልተረከቡትን የምርቃት ፎቶ ገንዘብ መለስሁ። ለአንተ የምመልሰው ግን አልነበረኝም፤ ስለዚህ ተደበቅሁ።

እማማን ያነሣኋቸው በ2015 ዓ.ም. የመስቀል ማግሥት እህትህ ብሎክ በር ላይ፣ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የአደይ አበባ እጃቸው ላይ ሳለ ነው። ልኩራራ ብዬ ፎቶውን በካሜራው ጀርባ አጉልቼ የፊታቸውን ሽብሽብ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ፊታቸውን ዘወር አድርገው፣ «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ምን ቆጠረው?» አሉኝ። ያን ቃል እንደ ምርቃት ሳይሆን እንደ ጥያቄ እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ።

ካሜራውን አላማርርም፣ በደሉ የእኔ ነው። የሚገባበት ቦታ ሲገባ ምን እንደሚሠራም አይቻለሁ። ከሰንዳፋ ወዲያ ያለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን መጻሕፍቷን ፎቶ አንሥቼ እንዳስቀምጥላት ጠየቀችኝና ሦስት ቀን ሄድሁ። መሪጌታው ብራናውን በደጀ ሰላሙ ብርሃን ዘርግተው ገጽ በገጽ ይገልጡልኝ፣ እኔ ካሜራውን በትሪፖድ ወደ ታች አዙሬ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ሻተሩን በገመድ እጫን ነበር። የሚነቃነቅ የለም፣ የሚቸኩል የለም። ገጹ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በየሚሊ ሜትሩ ከ30 በላይ ነጥብ ደረሰው ማለት ነው። ማታ ሳጎላው ጸሐፊው መስመሩን ለማስመር ጠርዙ ላይ በወስፌ የወጋቸው ቀዳዳዎች፣ የቅዱሳን ስም የተጻፈበት ቀይ ቀለም የረገፈበት ቦታ፣ ከዚያም በቢላ ተፍቆ ሌላ ስም የተጻፈበት የቀድሞ ባለቤት ስም ርዝራዥ ወጣ። መሪጌታው ስክሪኑ ላይ ጎንበስ ብለው የተፋቀውን ፊደል በጣታቸው እየተከተሉ ማንበብ ሲጀምሩ አልቅሻለሁ። (እነዚያን ፎቶዎች ቅጂያቸውን ለደብሩ በዚያው ሰሞን ስላስረከብሁ ተርፈዋል።) እንዲህ ያለ ሥራ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ያገኘሁት አንድ ጊዜ ነው። ለሦስት ቀን ካሜራውን መከራየት እችል ነበር።

አንተ ልትገዛ ያሰብኸው ዓይነት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 አጋማሽ ሲወጣ 10,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2024 የወጣው አነስ ያለ ወንድሙ 5,000 ሆነ። ግማሽ ዋጋ መሆኑ ነው የሚያታልለው። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ሆኗልና፣ 5,000 ዶላሩ ያለ ቀረጥና ያለ ሌንስ ከግማሽ ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ያልታመቀው ፋይሉም ከ200 ሜጋባይት ያልፋል። ደብረ ብርሃን ያለው ሥራህ ሰርግ፣ ክርስትናና ምርቃት ከሆነ ይህን ሸክም አይፈልግም። የብራና ወይም የግድግዳ ሥዕል ሥራ በውል አግኝተህ ከሆነ ግን ንገረኝ፣ ሐሳቤን እለውጣለሁ። ከመፈረምህ በፊት መጥተህ የእኔን ወስደህ ሁለት ሰርግ አንሣበት፤ ፋይሎቹን በራስህ ኮምፒውተር ክፈት፤ ከዚያ ወስን።

አሁን ደግሞ የምሥራች ልበልህ፣ መባል ካለበት። በዚያው የመስቀል ማግሥት እማማን ለማስደሰት ፎቶዋን በቴሌግራም ለእህትህ ልኬላት ነበር፤ እኔ ረስቼው እርሷ ግን ከስልኳ አልደመሰሰችውም። ባለፈው እሑድ እያለቀስሁ ስነግራት ዝም ብላ ስልኳን ከፈተችና አሳየችኝ። ቴሌግራም ጨምቆት ወርዱ 1,280 ነጥብ ብቻ ቀርቷል፤ ከ60 ሚሊዮን ነጥብ አንድ ሚሊዮን ያህሉ ማለት ነው። አንተ ያልኸውን ያህል ትልቅ አይሆንም። 13 በ18 አሳጥቤዋለሁ፤ አደይ አበባውም፣ ነጠላውም፣ ፊታቸውም አለ። በጀርባው ቀኑን ጽፌበታለሁ።

ፎቶውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በደብረ ብርሃን መንገድ በሚመላለስ ሹፌር እጅ ልኬዋለሁ። በሁለት ካርቶን መካከል ነው ያለው፤ ስትከፍተው በምላጭ አትቁረጠው፣ ማሸጊያውን በእጅህ ላጠው። ፋይሉን በሦስት ቦታ አስቀምጬዋለሁ፣ አንዱ ቅጂ እህትህ ዘንድ ነው። ዛሬ ማታ ከደወልህልኝ አነሣለሁ።

ወንድምህ