ዝናቡን አትክሰሱት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

እኔ ደላንታ፣ ወገል ጤና ላይ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ባለፈው ሐምሌ ከተማሪዎቼ ጋር ሆነን ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ከሚወጣበት ጉድጓድ ወጥቶ በተከመረ አፈር ላይ ወይራና ጽድ ተክለን ነበር። ጥር ሲገባ አብዛኛው ደርቋል። ጎረቤቴ እትዬ፣ «መምህር፣ ዘንድሮ የሚዘንበው አሲድ ነው አሉ» አሉኝ። ወሬው ገበያ ድረስ ወርዷል።

ንጹህ ዝናብም ቢሆን ትንሽ አሲድ አለው። አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሟሟበት ፒኤቹ (የአሲድ መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 5.6 አካባቢ ነው። አሲድ ዝናብ የሚባለው የድንጋይ ከሰልና የማዕድን ማቅለጫ ጭስ ወደ 4 ያወረደው ነው። አንድ ቁጥር ሲወርድ ደግሞ አሲዱ አስር እጥፍ ይሆናል። ደጅ ሳህን ዘርግቼ ያጠራቀምኩት የእኛ ዝናብ በፒኤች ወረቀት ሲለካ 6 ገደማ አሳየኝ።

ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። በአራት የወተት ጣሳ ገብስ ዘራሁ። ሁለቱ ከጎመን ጓሮዬ በወሰድኩት ዋልካ፣ ሁለቱ ከጉድጓድ በወጣው አፈር። ከየዓይነቱ አንዱን ዝናብ አጠጣሁት። ሌላውን ከጋራዥ ባመጣሁት የባትሪ አሲድ ፒኤቹን 4 ያደረስኩትን ውሃ። (አሲዱን ተማሪ አላስነካሁም።) በሦስተኛው ሳምንት ዋልካው ላይ ያሉት ሁለቱም ለምለም ነበሩ። በጉድጓድ አፈር ዝናብ የጠጣው ቀጭን ነው፣ ግን አለ። አሲድ የጠጣው ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ስነቅለው ሥሩ አጭርና ዱልዱም፣ እንደ ተቃጠለ የሻማ ክር ነበር።

ዋልካው ውስጥ የበሰበሰ ፍግና ካልሲየም አለ፤ አሲዱን ያበርደዋል። ከታች የወጣው አፈር ግን ባዶ ነው። አሲድ ሲያገኘው ያለችውን ካልሲየምና ማግኒዥየም ያጥባታል፤ ሸክላው ውስጥ ታስሮ የኖረውን አሉሚኒየም ደግሞ ይፈታዋል። ሥሩን የሚጎዳው እሱ ነው። ፓይራይት የሚባል ሰልፈር ያለበት ድንጋይ በሚወጣበት ማዕድን ደግሞ ይብሳል፤ ድንጋዩ አየርና ውሃ ሲያገኝ ራሱ ሰልፈሪክ አሲድ ይሠራል።

ካናዳ ውስጥ ሰድበሪ የምትባል ከተማ አለች። የኒኬል ማቅለጫ ጭስ ኮረብታዋን ራቁቱን አስቀርቶት ነበር። ከ1978 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን ሰዎቹ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በእጃቸው በተኑ፣ ሣር ዘሩ፣ ከዚያ ነው ዛፍ የተከሉት። እኛ ከዛፉ እንጀምራለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ እንሄዳለን።

የእኛ ችግር ዝናቡ ሳይሆን ባዶው አፈር ነው፤ የምለውም አንድ ነው። ጉድጓድ ሲከፈት የላይኛው ጥቁር አፈር ለብቻው ይቀመጥ፤ ቁፋሮው ሲያልቅ ይመለስ። ይህን ለአንድ የድሮ ተማሪዬ ነገርኩት፤ አሁን ኦፓል ቆፋሪ ነው። «መምህር፣ ለዚያ ማን ይከፍለናል?» አለኝ። ልክ ነው። ለችግኝ የሚወጣው ገንዘብ ግማሹ ለዚህ ቢውል ምን ይለዋል?

ለዘንድሮ ሃያ የችግኝ ጉድጓድ ብቻ ቆፍሬያለሁ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ጆንያ ፍግ። ፍጉን የሰጡኝ እትዬ ናቸው። ዝናቡን ግን እስካሁን አላመኑትም።

ከወገል ጤና፣ ደቡብ ወሎ