ቀኑ ያለፈበት መድኃኒት በማን ሒሳብ ይጻፍ?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በክልላችን በአማራ ባሉ የጤና ተቋማት ስለሚታየው የመድኃኒት እጥረት በጋዜጣችሁ የሚወጡትን ዘገባዎችና የአንባቢያን ቅሬታዎች በትኩረት እከታተላለሁ። ቅሬታው እውነት ነው። ሐኪም የጻፈላቸውን ማዘዣ ይዘው መጥተው «የለም» ተብለው ወደ ግል መድኃኒት ቤት የሚሄዱ ሰዎችን፣ በፋርማሲ ባለሙያነት ባገለገልኩባቸው 22 ዓመታት ከመስኮቱ በስተውስጥ ሆኜ አይቻለሁ። ይሁን እንጂ ከዚያው መስኮት ኋላ ባለው መጋዘን ውስጥ በየዓመቱ ቀኑ አልፎበት ለመወገድ ተራውን የሚጠብቅ መድኃኒት መኖሩን ብዙ ሰው አያውቅም። እጥረትና ብክነት በአንድ ጣሪያ ሥር መኖራቸው ለውጭ ሰው ግራ ያጋባ ይሆናል፤ በሥራው ላይ ለኖረ ሰው ግን ሁለቱም የሚመነጩት ከአንድ ቦታ፣ ከአመራሩ ነው።

ራሴ የተሳተፍኩበትን ላስቀድም። በደጋ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ሳለሁ ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት ሳንጠይቅ በኮታ ተመድቦ መጣልን። ሞዴል 19 የተባለውን የንብረት ገቢ ደረሰኝ ቆርጠን ተረከብን። ካርቶኖቹን ስንቆጥር በእኛ ሆስፒታል የሚታየው የወባ ታካሚ በሁለት ዓመትም እንደማይጨርሳቸው ወዲያው ታወቀን፤ የቀራቸው የአገልግሎት ጊዜ ደግሞ 11 ወር ነበር። መስከረም ጠብቶ የወባው ወቅት ሲገባ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የሚሠራ የሙያ ባልደረባዬ ደውሎ «እናንተ ዘንድ ትርፍ ይኖር ይሆን?» አለኝ። ሞልቷል አልኩት። በመካከላችን ያለው መንገድ በመኪና ከሦስት ሰዓት አይበልጥም። መድኃኒቱ ያንን መንገድ እንዲሄድ ግን የጤና ጣቢያው የጥያቄ ደብዳቤ፣ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሸኚ ደብዳቤ፣ የዞኑ ማረጋገጫ፣ በመጨረሻም የእኛ ሥራ አስኪያጅ ፊርማ አስፈለገ። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ከስብሰባው ሲመለሱ ለሥልጠና ወጡ፤ ተወካያቸው ደግሞ «በንብረት ጉዳይ እኔ እጄን አላስገባም» አሉ። ፊርማው የተገኘው ኅዳር ከተጋመሰ በኋላ ነው። ቆላው ያንን ወቅት እንዴት እንዳሳለፈው ባልደረባዬ ነግሮኛል፤ እዚህ ልዘረዝረው አልፈልግም። እኛ ዘንድ የተረፈውን ካርቶን አስወጋጅ ኮሚቴው ቆጥሮ ሲፈራረም ከፈራሚዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። በቅጹ ላይ «ምክንያት» ከሚለው ረድፍ ሥር የጻፍነው «የአገልግሎት ጊዜው በማለፉ» የሚል ነው።

የአንድ መድኃኒት ማለፊያ ቀን ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ በካርቶኑ ላይ ታትሞ የሚመጣ በመሆኑ ማንንም በድንገት አይጥልም። ስለዚህ በቅጹ የሞላነው ቃል ምክንያት ሊባል አይችልም። እውነተኛው ምክንያት ያልተጠየቀ ኮታ፣ አራት ደብዳቤና አንድ ያልተገኘ ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ ለእነዚህ ግን ቅጹ ረድፍ አልነበረውም። ሌላም የሚያሳፍር ነገር ልጨምር። ያ መድኃኒት የፕሮግራም መድኃኒት፣ በእኛ አነጋገር «የነፃ» ስለነበረ በሆስፒታሉ የገቢና ወጪ ሒሳብ ውስጥ አንድም ብር ሆኖ አልገባም። በውስጥ ገቢያችን የገዛነው መድኃኒት ሲያልፍበት ቢያንስ የፋይናንስ ኃላፊው ይቆጣል፤ የነፃው ሲያልፍበት ግን የሚቆጣ ሰው አልነበረም። ዋጋውን ሌላ ወገን ከፍሎታልና።

የሰኔው ግዥ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከመንግሥት የተመደበ በጀት እስከ ሰኔ 30 ካልተሠራበት ተመላሽ እንደሚሆን፣ የአንድ ኃላፊ ብርታትም በዓመቱ ግምገማ ላይ በበጀት አጠቃቀም ፐርሰንት እንደሚለካ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል። እናም ግንቦት ሲያልቅ የግዥ ክፍሉ ይጣደፋል፤ ፍላጎት የሚጠየቀው በስልክ ነው፤ በገበያ የተገኘው ሁሉ ይገዛል። ለሦስት ዓመት የሚበቃ ጓንት፣ ከማሽናችን ጋር የማይገጥም ሪኤጀንት የሚባል የላቦራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል፣ ከአምናው የተረፈውን ጨምሮ ቦታ ያጣ የማተሚያ ቀለም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲገባ ተረክቤያለሁ። በሐምሌው ግምገማ የዚያ ሆስፒታል የበጀት አጠቃቀም 99 ከመቶ ተባለ፤ ተጨበጨበም። ሪኤጀንቱ በሁለተኛው ዓመት ሲወገድ ግን ያንን ግምገማ ያነሣ አልነበረም። አገራችን ሰኔና ሰኞ ሲገጥሙ ክፉ ይሆናል ትላለች፤ በመጋዘን ቤት ግን ሰኔ ብቻውን ይበቃል።

መሣሪያ ስለሌለን ነው እንዳይባል፣ መሣሪያው አለን። በተቀናጀው የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት መሠረት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች በየሁለት ወሩ ሪፖርትና ጥያቄ ይልካሉ፤ በእጃቸው እንዲኖር የሚፈቀደው ከፍተኛ ክምችትም የአራት ወር ነው። ይህ ቢከበር ኖሮ የእኛ መጋዘን የሁለት ዓመት ኮአርተም ባልተቀበለ ነበር። በሙያው ኤፒቲኤስ ብለን የምንጠራው፣ እያንዳንዱ የመድኃኒት እንቅስቃሴ በዋጋው ተመዝግቦ ኦዲት እንዲደረግ የሚያስችለው አሠራርም ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በመጀመሪያ የተሞከረው በራሳችን ክልል፣ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ነው፤ ወደ ሌሎች ክልሎች የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ አሠራር በየወሩ የሚወጣው ሪፖርት ምን ያህል መድኃኒት እንደገባ፣ እንደወጣና እንደቀረ፣ ስንት ብር የሚያወጣ እንዳለፈበትም በግልጽ ያሳያል። እኔ ለዓመታት ይህን ሪፖርት አዘጋጅቻለሁ። የተመለሰልኝ ግልባጭ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ማህተምና ፊርማ እንጂ ጥያቄ አልነበረም።

ጥያቄ የጻፉት አንዲት ብቻ ናቸው። ከእኔ ጋር ከሠሩት አምስት ሥራ አስኪያጆች መካከል በሙያቸው ነርስ የነበሩ፣ ሁላችንም ሲስተር እያልን የምንጠራቸው ሴት ሰኞ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ቢሯቸው ከመግባታቸው በፊት መጋዘን ይመጡ ነበር። መጀመሪያ የመሰለኝ ቁጥጥር ነው፤ ተከፋሁም። እሳቸው ግን የመድኃኒቱ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ አንሥተው ከመደርደሪያው ጋር ካመሳከሩ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ የሚያልፍበት የትኛው እንደሆነ፣ ማን ሊጠቀምበት እንደሚችልና ካለፈው ሰኞ ወዲህ ምን እንዳለቀ ይጠይቁኛል፤ ሩብ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። በያዙት ወፍራም ማርከር ማለፊያውን በካርቶኑ ፊት ላይ ከሩቅ እንዲነበብ አድርገው ይጽፉና ካርቶኑን ወደ ፊት ያዞሩታል። የደም ግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን በብዛት ተከማችቶ ሳለ ለአዳዲስ ታካሚዎች ከውጭ የሚገዛ ሌላ ዓይነት እንደሚታዘዝ ስነግራቸው፣ በማግስቱ በሐኪሞቹ የጠዋት ስብሰባ ላይ በእጃችን ያለው ዝርዝር እንዲነበብ አደረጉ፤ ለየትኛው ታካሚ ምን ይስማማል የሚለውን ውሳኔ ግን ለሐኪሞቹ ተዉት። ማለፊያው ሊደርስ ከስድስት ወር በታች የቀረው መድኃኒት ወደ ሌላ ተቋም ሲዘዋወር በእኔና በፋርማሲ አካውንታንቱ ፊርማ ብቻ እንዲወጣ የውክልና ደብዳቤም ሰጡኝ። በዚያ ዓመት አስወጋጅ ኮሚቴው የፈረመው ዝርዝር አንድ ገጽ አልሞላም፤ የቀድሞው ሰባትና ስምንት ገጽ ይሆን ነበር። እሳቸው ሁለት ዓመት ሳይሞሉ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። ማርከሩ እኔ ዘንድ ቀረ፤ የውክልናውን ደብዳቤ ግን ተተኪው በመጡ በወሩ ሻሩት።

በነገራችን ላይ፣ ካይዘን ስለተባለው ከጃፓን የመጣ የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ሲነሣ ከባልደረቦቼ ጋር አንስማማም። እነሱ የይስሙላ ነው ይላሉ። እኔ ግን ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ የሚሉት አምስቱ «ማ»ዎች በትክክል የሲስተር የሰኞ ጠዋት ሥራ ናቸው ባይ ነኝ። ባልደረቦቼን ያስቀየማቸው፣ አምስቱ «ማ»ዎች በትልቅ ባነር ተጽፈው በግቢው ግድግዳ ላይ ተሰቅለው፣ ከባነሩ ሥር የተሰባበሩ አልጋዎችና የዛጉ የኦክስጅን ሲሊንደሮች ለአራት ዓመት ተከምረው መኖራቸው ነው።

እርግጥ ሁሉም ነገር በአንድ ሥራ አስኪያጅ እጅ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በደረሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት መንገድ ላይ ቀርቷል፤ የጤና ተቋማትም ተጎድተዋል። ተቋማት ከኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ያጡትን ከግል አቅራቢ ለመግዛት በቅድሚያ የ«የለም» ማረጋገጫ ማግኘት አለባቸው፤ ያም ጊዜ ይወስዳል። በሙያችን ውስጥ እጃቸው ያልጸዳ ሰዎች መኖራቸውንም አልክድም። ነገር ግን መድኃኒት ባለፈበት ቁጥር የመጋዘን ሠራተኛ ደመወዝ እየተቀጣ፣ ያልተጠየቀውን የመደበውና መፈረም ሲገባው ያልፈረመው ኃላፊ በበጀት አጠቃቀሙ የሚመሰገን ከሆነ፣ መጋዘን የሚጠብቀው ሰው የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ቀኑ የተቃረበውን ካርቶን ከኋላ ረድፍ መደበቅ። ይህን ያደረጉ ሰዎች አውቃለሁ፤ በጀማሪነቴ አንድ ጊዜ እኔም አድርጌዋለሁ።

ስለዚህ የክልሉ ጤና ቢሮና የሆስፒታሎች የሥራ አመራር ቦርዶች በኃላፊዎች የሥራ አፈጻጸም መመዘኛ ላይ ከበጀት አጠቃቀሙ ጎን ያለፈበት መድኃኒት በብር ተተምኖ እንዲመዘገብ፣ የነፃውም ዋጋ ተሰልቶ አብሮ እንዲገባ ቢያደርጉ ደስ ይለኛል። ማለፊያው የተቃረበ መድኃኒት ከተቋም ወደ ተቋም ሲሄድም ሁለት ፊርማ ይብቃው። ለሁለቱም የሚያስፈልገው ተጨማሪ ገንዘብ ሳይሆን አንድ ሰርኩላር ነው።

ለጋዜጣው ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የጤናው ዘርፍ የዓመቱን አፈጻጸም ሪፖርት ሲያቀርብ ጋዜጠኞቻችሁ በስፍራው ይገኛሉ። እባካችሁ፣ በዓመቱ የተወገደው መድኃኒት በብር ስንት እንደሆነ፣ ከዚያም ውስጥ ስንቱ ሳይጠየቅ የተላከ እንደነበር ጠይቁልን። መልሱ ካልተዘጋጀ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የፋርማሲ ባለሙያ
ከምሥራቅ ጎጃም