የኋላ ዲፈረንሻል ስለማስበየድ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ክረምት በገባ ቁጥር ጋራዣችን ውስጥ አንድ ጥያቄ ይበዛል፦ «የኋላውን ዲፈረንሻል በይዱልኝ፤ ጭቃ ላይ አንዱ ጎማ ብቻውን እየተሽከረከረ አስቸገረኝ።» በቅርቡም ሁለት ደንበኞቻችን እምቢ ስላልናቸው ቅር ብሏቸው ሄደዋል። ምክንያታችንን በር ላይ ቆመን ከምንከራከር ጽፈን ብናስረዳ ይሻላል ብለናል።

ጥያቄው ከንቱ አይደለም። ዲፈረንሻል በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል ያለ የጥርሶች ስብስብ ነው፤ የሞተሩን ኃይል ለሁለቱም እኩል ያካፍላል፣ መታጠፊያ ላይም በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ያስችላቸዋል። አንዱ ዋልካ ውስጥ ከተንሸራተተ የሚወስደው ኃይል ኢምንት ነው፤ ደረቅ መሬት የረገጠው ጓደኛውም ያንኑ ያህል ብቻ ይደርሰዋል። ስለዚህ መኪናው ቆሞ ይቀራል። መሐል ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ሲበየዱ ግን ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ብረት እንደተሰኩ አብረው ይዞራሉ። ጭቃ ላይ ይሠራል፤ ይህን አንክድም።

ጣጣው አስፋልት ላይ ነው። በኋላ ጎማዎቹ መካከል 1.5 ሜትር ርቀት ያለው መኪና መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲታጠፍ፣ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው 2.4 ሜትር ያህል አስበልጦ ይጓዛል። መታጠፊያው ጠበበም ሰፋም ልዩነቱ ያው ነው። ዲፈረንሻሉ ከተበየደ ይህችን 2.4 ሜትር ጎማው አስፋልቱን እየፋቀ ይከፍላታል። ጎማው አልንሸራተትም ካለ ሴሚያሱ፣ ማለትም ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ፣ ይጠመዘዛል። መሪው ይከብዳል፤ እርጥብ መንገድ ላይ ደግሞ የመኪናው ጀርባ ሳይታሰብ ይከዳል። ቤተሰብ ጭኖ ከተማ ለሚመላለስ መኪና ይህን አንሠራም።

ባለፈው ዓመት ሌላ ቦታ ተበይዶ የመጣ አንድ ሂሉክስ ከፍተን ነበር። ዘይቱ በብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። ከሥሩ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ የብየዳ ፍንጣሪዎች ለቀምን፤ ኩሽኔታዎቹ ተበልተዋል፤ ብየዳውም በጥርሱ ዳር ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ተላቋል። የጥርሱ ብረት ጠንካራ ነው፤ ዘይቱ በደንብ ሳይታጠብና ሳይሞቅ ከተበየደ፣ ከዚያም ቶሎ ከቀዘቀዘ፣ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል።

ከመበየዱ በፊት አንድ ነገር ተመልከቱ። ባለ 70 ተከታታዩ ላንድክሩዘርም ሆነ ሂሉክስ፣ አንዳንዶቹ ከፋብሪካው የኋላ ዲፈረንሻል መቆለፊያ ይዘው ይመጣሉ፤ ሲበራ ሁለቱን ጎማዎች እንደ ብየዳው አብሮ ያዞራል፣ ሲጠፋ ደግሞ ይለቃቸዋል። አንድ ደንበኛችን ሊያስበይድ የመጣው መኪና ማብሪያው ዳሽቦርዱ ላይ ነበር፤ ሰውየው የመብራት መስሎት ኖሯል። ለዓመታት ስላልተነካ የመቆለፊያው ትንሽ ሞተር ደርቆ ነበር፤ አጽድተን ቀባነው፣ ሠራ። መቆለፊያው ጭቃው ሳይጀምር፣ በዝግታ እየሄዳችሁ ይበራል፤ አስፋልት ሳትደርሱ ይጠፋል።

መኪናው ከእርሻ ወይም ከድንጋይ ማውጫ ግቢ የማይወጣ፣ መንገድም በሌላ መኪና ተጭኖ የሚሻገር ከሆነ ግን እንበይዳለን። ዲፈረንሻሉን ሙሉ በሙሉ ፈትተን፣ አጥበን፣ አሙቀን እንበይዳለን፤ በአመድ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ስለምናቆየው በዕለቱ አይደርስም። መመለሻ እንደሌለውም እወቁ፤ ወደ ቀድሞው ይመለስልኝ ቢባል ጥርሶቹ በአዲስ ይለወጣሉ እንጂ አይፈቱም።

መኪናችሁ መቆለፊያ ይኑረው አይኑረው ካላወቃችሁ አምጡት፤ ለማየት አናስከፍልም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ጋራዣችሁ