በኢፒኤስ ፋይል የተቀመጡ ሎጎዎቻችሁን በተመለከተ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሎጎ ሠርተን ስናስረክብ ለብዙ ዓመታት ከምንሰጣችሁ ፋይሎች አንዱ ኢፒኤስ (EPS፣ ለህትመት የሚያገለግል የሥዕል ፋይል ዓይነት) ነበር። አሁን «ፋይሉ አልከፈት አለን፤ ተበላሽቶ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ይበዛል። ፋይሉ ደህና ነው። ያን ፋይል ማንበብ ያቆሙት ፕሮግራሞቹ ናቸው። አሁንም የሚያነቡ ፕሮግራሞች ስላሉ፣ እነሱ በእጅ ሳሉ ሎጎአችሁን በትክክል ወደ ሌላ ዓይነት እንድታስቀይሩ ይህን ጽፈናል።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2017 ባወጣው የደኅንነት ማሻሻያ ኦፊስ ውስጥ ኢፒኤስ የሚያነበውን ክፍል ዘጋው፤ በ2018 ደግሞ ወርድና ፓወርፖይንት ውስጥ ኢፒኤስ ማስገባት ጭራሽ ቀረ። አፕል በ2022 ባወጣው የማክ ኮምፒውተሮች ሲስተም፣ ማክኦኤስ ቬንቹራ ላይ፣ ፕሪቪው የተባለው የፋይል ማያ ፕሮግራም ኢፒኤስ መክፈት አቆመ። በቀጣዩ ዓመት በመጣው ሶኖማ ኢፒኤስን ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይረው የሲስተሙ ክፍል ራሱ ስለወጣ፣ በዚያ ክፍል ተደግፈው ይሠሩ የነበሩ ሌሎች ፕሮግራሞችም አብረው አቆሙ።

ምክንያቱ ከፋይሉ ባሕርይ ይመነጫል። ኢፒኤስ የተጻፈው ፖስትስክሪፕት በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ጄፔግ ሲከፈት ኮምፒውተሩ የምስሉን መረጃ ያነባል፤ ኢፒኤስ ሲከፈት ግን የተጻፈለትን ትዕዛዝ ይፈጽማል። አጥቂዎች በ2015 እና በ2017 በዚህ በር ገብተዋል፦ በወርድ ሰነድ ውስጥ በተደበቀ ኢፒኤስ አማካይነት ሰነዱን የከፈተውን ሰው ኮምፒውተር ይቆጣጠሩ ነበር። ስለዚህ ኩባንያዎቹ የወሰዱት እርምጃ ለእኛ ሥራ ቢጨምርም ትክክለኛ ነው ብለን እናምናለን። ከማታውቁት ሰው የመጣ ኢፒኤስም አትክፈቱ።

የዲዛይን ፕሮግራሞቹ ኢሉስትሬተር፣ ኢንዲዛይንና ኮረልድሮው ኢፒኤስን እስካሁን ይቀበላሉ። የመጀመሪያው የኢሉስትሬተር ወይም የኮረል ፋይል ካላችሁ ግን ከኢፒኤሱ ይልቅ ከእሱ ተነሱ። ኢፒኤስ ትራንስፓረንሲ (ሥሩ ያለውን የሚያሳይ ከፊል ግልጽነት) መያዝ ስለማይችል ጥላና ብርሃን ያለው ሎጎ በኢፒኤስ ሲቀመጥ ጥላው ወደ ፎቶ ይለወጣል፣ ቅርጾቹም ይቆራረጣሉ። ይህ ከሆነ በኋላ ወደነበረበት አይመለስም። በቁርጥራጮቹ መካከል ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ካያችሁ ስክሪኑ ላይ አጉሉት፤ መስመሩ አብሮ ካልወፈረ የስክሪን ችግር ብቻ ነው፣ አይታተምም።

ለህትመት የምንመክረው ፒዲኤፍ/ኤክስ-4 የተባለውን ለማተሚያ ቤት የሚሆን የፒዲኤፍ ዓይነት ነው። ሲኤምዋይኬ ቀለምን (አራቱን የህትመት ቀለሞች፦ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር)፣ በስም የተመዘገበ ልዩ ቀለምንና ትራንስፓረንሲን እንዳሉ ይይዛል። ኢሉስትሬተር ውስጥ መጀመሪያ ጽሑፉን ሁሉ መርጣችሁ «ክሬት አውትላይንስ» በሉ፤ ይህ ጽሑፉን ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ (ከርቭ) ይለውጠዋል፤ ኮረል ላይ ይኸው ሥራ «ኮንቨርት ቱ ከርቭስ» ነው። ከዚያ «ሴቭ አዝ» ውስጥ አዶቤ ፒዲኤፍ፣ ከዝርዝሩም ፒዲኤፍ/ኤክስ-4 ምረጡ። ኢፒኤስን የሚቀይረውን ጎስትስክሪፕት የተባለ ፕሮግራም የምትጠቀሙ የአይቲ ባለሙያዎች «ኢፒኤስክሮፕ» የሚለውን አማራጭ አትርሱ፤ ያለ እሱ ሎጎው በሙሉ ገጽ ላይ ጥግ ይዞ፣ አንዳንዴም ተቆርጦ ይወጣል።

ከርቭ ማድረግን አጥብቀን የምናሳስበው በተለይ ለአማርኛ ጽሑፍ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበሩት፣ በኋላም ለዓመታት ያገለገሉት የግእዝ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ጽሑፉ ከርቭ ሳይሆን የተቀመጠ ሎጎ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የድርጅቱ ስም ትርጉም የሌለው የላቲን ዝርዝር ይሆናል። መፍትሔው አንድ ነው፤ ፎንቱ ያለበትን ኮምፒውተር ፈልጎ እዚያ ከርቭ ማድረግ። ከእነዚህ ፎንቶች አንዳንዶቹ አንዱን ፊደል ከግንዱና ከቅጥያው በሁለት ቁራጭ ስለሚሠሩት፣ ከርቭ ካደረጋችሁ በኋላ ቁራጮቹን አዋህዷቸው። ካልተዋሃዱ የስቲከር መቁረጫው ማሽን በተደራረቡበት ቦታ ላይ ይቆርጣል፣ ፊደሉም ለሁለት ይከፈላል። ታይፕ 1 የሚባሉትን የቆዩ ፎንቶችም አዶቤ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ትቷቸዋል፤ በእነሱ የተጻፈ ኢፒኤስ ፎንቱን በውስጡ ከያዘ ለህትመት ይሆናል እንጂ ጽሑፉን ማረም አይቻልም።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው በቀለም ነው። በኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚቀይሩ ገጾች ብዙውን ጊዜ ሲኤምዋይኬውን ወደ አርጂቢ (የስክሪን ቀለሞች፦ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ) ይለውጡታል፤ ኢንክስኬፕም በአርጂቢ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። በዚህ መንገድ ያለፈ ንጹሕ ጥቁር ወደ ህትመት ሲመለስ በአራቱም ቀለም ይከፋፈላል። በፎቶሾፕ የተለመደው የአሜሪካ መለኪያ ለምሳሌ ሲያን 75፣ ማጀንታ 68፣ ቢጫ 67፣ ጥቁር 90 ይሆናል፤ ድምሩ 300 በመቶ ቀለም አንድ ቦታ ላይ ይፈስሳል። ወረቀቱ ቶሎ አይደርቅም፣ ትንንሽ ፊደሎችም የየቀለሙ ማተሚያ ፕሌቶች በፀጉር ያህል እንኳ ከተዛነፉ ጠርዛቸው ባለቀለም ጥላ ያወጣል። ለመፈተሽ ፒዲኤፉን አክሮባት ፕሮ ላይ ከፍታችሁ «አውትፑት ፕሪቪው» ውስጥ ጥቁሩን ብቻ አጥፉት። ጥቁሩ ጽሑፍ ፈጽሞ ከጠፋ ደህና ነው፤ ጥላው ከቀረ አራት ቀለም ሆኗል ማለት ነው። እዚያው እያላችሁ ነጩን ክፍል ተመልከቱ። ነጭ ቀለም «ኦቨርፕሪንት» (በሥሩ ቀለም ላይ ደርቦ ይታተም) ተብሎ ከተቀመጠ በስክሪን ይታያል፣ ሲታተም ግን ይጠፋል፤ ነጭ ማለት ቀለም አለመኖር ስለሆነ የሥሩ ቀለም እንዳለ ይቀራል።

ለወርድና ለፓወርፖይንት፣ ኦፊስ 2019 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ካላችሁ ኤስቪጂ የተባለውን በቅርጽ የተሠራ የምስል ፋይል አስገቡ። ቢጎላም አይደበዝዝም። ኤስቪጂን ለማተሚያ ቤት አትስጡ፣ ቀለሙ አርጂቢ ነውና። ለቆየ ኦፊስ ጀርባው ባዶ የሆነ ፒኤንጂ ምስል ይበቃል፤ በደብዳቤ ራስጌ ላይ 5 ሴንቲሜትር ለሚሆን ሎጎ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 600 ፒክስል ስፋት በቂ ነው።

ኢፒኤሱን ግን አትሰርዙ። የቆዩ የስቲከር መቁረጫዎችና የጥልፍ ማሽኖች አሁንም ኢፒኤስ ይጠይቃሉ፤ ቅየራው ላይ ስህተት ቢገኝም የሚመለሱበት እሱ ነው።

ሎጎአቸውን ከእኛ ጋር ላሠሩ ደንበኞች ፒዲኤፍ/ኤክስ-4፣ ኤስቪጂና ፒኤንጂ ያለ ክፍያ እናዘጋጃለን። ሌላ ቦታ የተሠራ ሎጎ ከሆነ ኢፒኤሱን፣ ካላችሁም የመጀመሪያውን ፋይልና የግእዙን ፎንት አንድ ላይ ላኩልን። ከዚህ በፊት በጥሩ ሁኔታ የታተመ ቢዝነስ ካርድ ወይም ደብዳቤ ካላችሁ እሱንም ጨምሩ፤ ቀለሙን የምናመሳክረው ከስክሪን ጋር ሳይሆን ከእሱ ጋር ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዲዛይንና የህትመት ዝግጅት ክፍል