ሻሽቱ ልትወልድ ነው

ይድረስ ለእረኝነት ጓደኛዬ፣

ሦስት ዓመት ሊሞላ ምንም ሳይቀረው ዛሬ ደብዳቤዬን ስታይ «ደግሞ ምን ቸገረው?» ማለትህ አይቀርም። ልክ ነህ፤ ቸግሮኛል። ይቅርታውን በአንድ ትንፋሽ ልጨርሰው። ያለፉትን ዘጠኝ ወራት ስልክህን ያላነሳሁት አፍሬ ነው፤ የፊተኞቹ ሁለት ዓመታት ግን ስንፍና ናቸው፣ ምንም አላሳምራቸውም። ያሳፈረኝን ዝቅ ብለህ ታገኘዋለህ።

ሻሽቱ ልትወልድ ነው። የተዳቀለችው ጥቅምት 5 ስለሆነ፣ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ብለን ስንቆጥር ሐምሌ 15 ላይ ይውላል። ሦስት ቀን ቀራት። ከትናንት ወዲያ አጋተች፤ ከጭራዋ ግራና ቀኝ ያለው ጅማት ላልቶ ጣት እስከማስገባት ደርሷል። እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ በረት ደጃፍ አድራለሁ። ባለቤቴ «አራት ልጅ ስወልድልህ አንድ ሌሊት እንዲህ ነቅተህ አላደርክም» ትለኛለች። መልስ የለኝም።

እነሆ ዝቅ ብለህ ደረስክ፤ የጥጃው አባት ፈረንጅ ነው።

አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ገመዷን እያስጨበጡኝ «የፎገራን ዘር እንዳትቀይጥብኝ» ሲሉ አጠገቤ ቆመህ ነበር። እኔም እሺ ብያለሁ። ግን ያን ቀን በማለዳ ኮርማ ፈልጋ ስትጮህ የት ልውሰዳት? እናግድበት የነበረው ሜዳ ሩዝ ሆኗል፤ ሩዝ ያልሆነውን አሜኬላ ወርሶታል። ኮርማ ማስቀመጥ ለሰው ኪሳራ ሆኗል። ወንድምህን እንዳልጠይቅ ደግሞ ምክንያት ነበረኝ፤ እሱንም እነግርሃለሁ። ማለዳ የታየች ማታ ነውና የምትዳቀለው፣ አዳቃዩ በሞተር ብስክሌት አመሻሽ ላይ ደረሰ። የናይትሮጅኑን ዕቃ ሲከፍተው ነጭ ጉም ቡልቅ አለ፤ ከውስጡ የኮርማ ዘር የያዘች፣ ከስንደዶ የማትወፍር ቀጭን ዘንግ አወጣ። «ሆልስቲን ነው፣ ሴት ከወለደችልህ ወተት ትጠግባለህ» አለኝ። እኔም ወተቱን አሰብኩ። አባትህን ያሰብኩት አዳቃዩ ከሄደ በኋላ ነው።

አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ ጊደር መሆኗ ነው። ጥጃው ቢተልቅባትስ? ባለፈው ክረምት የጎረቤቴን ጊደር ስድስት ሰው ሆነን በገመድ ስንጎትት አድረን፣ ሲነጋ እሷንም ጥጃዋንም ቀበርን። በደህና ብትገላገልስ፣ የፈረንጅ ልጅ ከርብ ወንዝ ማጥ ጋር ምን ያስማማዋል? ሻሽቱ ክረምቱን ሙሉ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ የምትግጥ ናት። ከእናቷ አፍንጫ አልቅት ስናወጣ ትዝ ይልሃል? ስናወጣ አልኩ እንጂ የማወጣው እኔ ነበርኩ፤ አንተ ቀንዷን ይዘህ ፊትህን ታዞራለህ።

ቸገረኝ ያልኩህ እንግዲህ ይኸውልህ። ወንድምህ ቡሬውን ኮርማ አኮላሽቶ ሊያርስበት ነው ይባላል። በሰፈራችን የቀረው ኮርማ እሱ ብቻ ነው። አንዳሳ ምርምር ማዕከል የፎገራ ኮርማ አለ፤ ግን ሻሽቱን እየነዳሁ ባሕር ዳርን ላቋርጥ? ከወለደች በኋላ ሁለት ሦስት ወር ቆይታ ኮርማ ስትፈልግ ለቡሬው ነው የማስጠቃት፤ ቢያንስ ሁለተኛው ጥጃ የአባትህ ይሁን። ደውልለትና እስከ ጥቅምት ያቆይልኝ። የሩዝ ገለባውንም ፉርሽካውንም እኔ እችላለሁ።

ራስህ ለምን አትነግረውም እንደምትለኝ... እንዴት ልበልህ። ከእሱ የተበደርኩትን ሁለት ኩንታል ፋጉሎ እስካሁን አልመለስኩም። ወረታ ገበያ ላይ ካየሁት በጨው ተራ በኩል እዞራለሁ። ስለዚህ ስትደውል ሐሳቡ የራስህ ይምሰል፤ የፉርሽካውንም ነገር ለጊዜው አታንሳበት።