ብዕር ከመነሣቱ በፊት የሚሰማ ዜማ

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ቤተሰብህ፣ ሥራህ ሁሉ እንደምን ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። በመካከላችን የቆየው ዝምታ ቢረዝምም ወዳጅነታችንን ያላላዋል ብዬ ለአፍታ እንኳ አስቤ አላውቅም። ስለዚህ ስለ ዝምታው ብዙ ሳልናገር፣ በመጨረሻው ደብዳቤህ ላይ ወደ ጠየቅኸኝና እስከ ዛሬ አብሮኝ ወደ ከረመው ጥያቄ በቀጥታ ልለፍ። «ሙዚቃ ሳልከፍት አንድ መስመር መጻፍ አቅቶኛል፤ ከፍቼ የጻፍሁትን ደግሞ በማግስቱ ሳነበው የራሴ አይመስለኝም። ለመሆኑ ሙዚቃ ለጸሐፊ ይሰጣል ወይስ ይወስዳል?» ብለህ ነበር። ይህ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ የእኔም ጥያቄ ሆኗል። የደረስሁበት ሐሳብ የሚከተለው ነው፤ ሙዚቃ ለጸሐፊ እጅግ ብዙ ይሰጣል፣ የሚሰጠው ግን እየጻፈ ሳለ ሳይሆን፣ ከመጻፉ በፊት ሌላውን ሁሉ ትቶ በሙሉ ልቡ ሲያዳምጠው ነው።

እንዲህ ያልሁበትን ምክንያት ለማስረዳት በየዕለቱ ሙዚቃ የምንሰማበትን ሁኔታ አስቀድመን እናስተውል። (የምጠቅስልህን ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫቸዋለሁ።) እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጆን ስሎቦዳ ከባልደረቦቹ ጋር በ2001 ባሳተመው ጥናት፣ 8 ሰዎች ለአንድ ሳምንት ያህል የመልእክት መቀበያ ይዘው እንዲንቀሳቀሱና መቀበያው ባልታሰበ ሰዓት በጮኸ ቁጥር የት እንዳሉ፣ ምን እንደሚሠሩ፣ ሙዚቃም ይሰሙ እንደ ሆነ እንዲመዘግቡ ተደርጎ ነበር። ከተመዘገቡት ጊዜያት 44 በመቶ በሚሆኑት ሙዚቃ ነበረ፤ ሙዚቃ ማዳመጥ ዋና ሥራቸው ሆኖ የተገኘባቸው ጊዜያት ግን 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሰዎቹ ቁጥር አነስተኛ ስለሆነ አኃዙ ለሁሉም ሰው ይሠራል አልልህም፤ ቢሆንም ራሴን ስመረምር እውነቱ ከዚያ የራቀ ሆኖ አላገኘሁትም። ሙዚቃ ስንታጠብ፣ ስንጓዝ፣ ስናጸዳ፣ ስንሠራ አብሮን አለ፣ ጆሯችን ውስጥ ይገባል፣ እኛ ግን ወደ እርሱ አንገባም። ለጸሐፊ የሚሆነው ሀብት ያለው በእነዚያ ጥቂት ጊዜያት ውስጥ ይመስለኛል፤ ጸሐፊዎች ደግሞ እንደማንኛውም ሰው አብዛኛውን ማዳመጣችንን በሌላው ላይ አውለነዋል።

አሁን ወደ አንተ ችግር ልምጣ። በ1974 አለን ባድሊና ግራሃም ሂች የተባሉ ሁለት ምሁራን፣ አእምሯችን ለአጭር ጊዜ ነገርን ይዞ የሚሠራበትን መንገድ ሲገልጹ፣ በውስጡ ቃላትን በድምፃቸው ይዞ የሚያመላልስ አንድ ክፍል እንዳለ አሳይተው ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ከመጻፍህ በፊት ከንፈርህን ሳታንቀሳቅስ በውስጥህ የምትሰማው በዚያ ነው። የያዘውን ደጋግሞ ካልጠራው በሁለት ሰከንድ ገደማ ውስጥ የሚያጣው ትንሽ ስፍራ ነው፤ ከውጭ የሚመጣ የሰው ንግግር ደግሞ ፈቃዳችንን ሳይጠይቅ ወደዚያው ይገባል። ሳላሜና ባድሊ በ1989 ባደረጉት ሙከራ፣ ድምፃዊ ያለበት ዘፈን በመሣሪያ ብቻ ከሚሰማ ሙዚቃ ይልቅ ቃላትን መያዝን እንደሚያውክ አረጋግጠዋል። ስለዚህ ዘፈን ከፍተህ ስትጽፍ፣ አንተ የምታዋቅረው ሐረግና ድምፃዊው የሚያወርደው ስንኝ በአንድ ጠባብ ስፍራ ይጋፋሉ። በማግስቱ ስታነበው «የራሴ አይደለም» ያሰኘህ ይኸው ይመስለኛል፤ የቃላቱ ቁመትና የዕረፍቱ ቦታ በከፊል የሌላ ሰው ነበርና።

«ቋንቋውን የማላውቀውን ዘፈን እከፍታለሁ» ብለህ እንደምትመልስልኝ አውቃለሁ፤ አንድ ወቅት እንዲህ ብለኸኝ ነበር። ይህም አያድንም። በ1976 ኮልና ዌልሽ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ለአድማጮቹ በማያውቁት በጀርመንኛ የተነበበ ጽሑፍ እንኳ የአጭር ጊዜ ትውስታቸውን እንዳወከ አሳይተዋል፤ የሚጋፋው የቃሉ ትርጉም ሳይሆን ድምፁ ነው ማለት ነው። በራሱ በመጻፍ ላይ የተደረገ ጥናትም አለ፤ ሣራ ራንስዴልና ሊ ጊልሮይ በ2001 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች በኮምፒውተር ድርሰት ሲጽፉ ከኋላ ሙዚቃ አሰምተዋቸው፣ ዘፈን ያለበትም ሆነ በመሣሪያ ብቻ የተሰማው ሙዚቃ የአጻጻፋቸውን ፍጥነት ቀንሶታል። ተማሪዎቹ ሙዚቃውን እንዲያዳምጡ አልተጠየቁም ነበር፤ ሳያዳምጡትም ከአእምሯቸው ድርሻውን ወሰደ። ይህን ካነበብሁ በኋላ አዲስ ነገር ስጽፍ ምንም አልከፍትም። ረቂቁን በንጹሕ ስገለብጥ፣ ፊደል ስለቅም፣ ገጽ ሳስተካክል ግን ያለ ስጋት እከፍታለሁ። ሰዎች በሚያወሩበት ቦታ ለመጻፍ ግድ የሆነበት ጸሐፊም ቃል የሌለውና ምቱ የማይለዋወጥ ሙዚቃ ቢመርጥ፣ ከሁለት ክፉ የሚሻለውን እንደመረጠ እቆጥርለታለሁ።

እዚህ ላይ ሙዚቃ አእምሮን ያሰላል፣ ብልኅ ያደርጋል የሚባለውን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ወሬው የተነሣው በ1993 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ከወጣ ጥናት ነው፤ 36 የኮሌጅ ተማሪዎች የሞዛርትን የፒያኖ ሶናታ ለ10 ደቂቃ ሰምተው ቅርጽን በአእምሮ የማገላበጥ ፈተና ላይ ተሽለው ታዩ፣ ብልጫው ግን ከ15 ደቂቃ አልዘለለም። በኋላ የመጡ ምሁራን ልዩነቱን ያመጣው የሰሚው መነቃቃትና ደስታ መሆኑን አሳይተዋል። ደስ ብሎት የተቀመጠ ጸሐፊ ከተከዘው ይልቅ ሥራውን በቶሎ ይጀምር ይሆናል፤ እኔ ከሙዚቃ የምፈልገው ግን ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ነው።

የምፈልገው የሚጠበቀውን ነገር የማዘግየት ጥበብ ነው። አሜሪካዊው የሙዚቃ ሊቅ ሌናርድ ማየር በ1956 እንደጻፈው፣ ሙዚቃ ልባችንን የሚነካው አንድ ነገር እንድንጠብቅ አድርጎ ያን ነገር በማዘግየት፣ በማሳት ወይም በመጨረሻ በመስጠት ነው። ዜማው ወደ መነሻው ድምፅ ሊመለስ ነው ስንል ይርቃል፣ አንድ እርከን ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል፤ ስንመኘው የቆየው ድምፅ ሲመጣ ያን ጊዜ እናርፋለን። ቫሎሪ ሳሊምፑርና ባልደረቦቿ በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ሰውነታቸውን የሚወርራቸውን ሙዚቃ ራሳቸው መርጠው ሲሰሙ፣ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎላቸው ውስጥ የሚለቀቀው ስሜቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ በመጠበቁ ጊዜም መሆኑን፣ ለሁለቱም የአንጎሉ ክፍል የተለያየ መሆኑን አግኝተዋል። መጠበቁ ራሱ ደስታ ነው ማለት ነው። ይህን ስረዳ ወዲያው የታሰበኝ የገዛ ቋንቋችን ነበር።

አስተውል፤ አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን በመጨረሻ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። «ደብዳቤውን ተቀብሎ፣ ማኅተሙን ቀድዶ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ቆሞ እስከ መጨረሻው አንብቦ፣ በጥንቃቄ አጥፎ ወደ ኪሱ ከከተተ በኋላ…» ብዬ ብተውህ፣ ምን አደረገ? አለቀሰ? ሳቀ? ተመልሶ ወደ ሥራው ሄደ? ቦዝ አንቀጾቹ አንዱ በሌላው ላይ ሲደረደሩ አንባቢው ትንፋሹን ይዞ ይከተላል፤ የሚያሳርፈው ማሰሪያው ብቻ ነው። ዜማ ወደ መነሻው ድምፅ ለመመለስ የሚያደርገውን ጉዞ ዐረፍተ ነገራችን በተፈጥሮው ያደርገዋል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ይህን ስጦታ ሳናውቅ እናባክነዋለን፤ ወይ ማሰሪያውን ያለ ምክንያት አርቀን አንባቢውን እናደክማለን፣ ወይ ሁሉንም በአጫጭሩ ቆርጠን ምንም እንዳይጠብቅ እናደርገዋለን። የት ድረስ ሊዘገይ እንደሚችልና የት ላይ ማረፍ እንዳለበት ከሰዋስው ትምህርት አላገኘሁትም። ያገኘሁት ጥሩ ሙዚቀኛ ዜማውን ለስንት ትንፋሽ ሳያሳርፍ እንደሚይዘው፣ ከዚያም ሰሚው መታገሥ ሳያቅተው እንዴት እንደሚለቀው ደጋግሜ በማዳመጥ ነው። የወል ቤት ግጥም መስመሩን ስድስት ስድስት ቀለም አድርጎ ለሁለት ሲከፍለው መካከሉ ላይ የምትሰማው ያ ጥቂት ዕረፍትም ከዚሁ ጥበብ ነው፤ በስድ ንባብ ውስጥ ግን ዕረፍቱን የሚወስንልን ቋሚ ልክ ስለሌለ፣ ጆሯችንን ይበልጥ ማሠልጠን ይገባናል።

ድግግሞሽንም ከሙዚቃ ተምሬአለሁ። በትምህርት ቤት ሳለን አንድን ቃል በአንድ ገጽ ሁለት ጊዜ መጻፍ እንደ ነውር ተቆጥሮብን አድገናል። ኤሊዛቤት ማርጉሊስ የተባለች የሙዚቃ ተመራማሪ ግን በ2013 ባወጣችው ጥናት፣ የሉቺያኖ ቤሪዮንና የኤልየት ካርተርን ድግግሞሽ የሌለባቸው ቅንብሮች ወስዳ፣ አንዳንድ ክፍሎቻቸው በኮምፒውተር ተቆርጠው እንዲደገሙ አድርጋ ለሰዎች አሰማች። ሰሚዎቹ የተደገሙትን ይበልጥ ወደዷቸው፤ ከዚያም አልፎ በማሽን ሳይሆን በሰው የተደረሱ መሆናቸውን ይበልጥ አመኑ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ አንድ ነገር ተመልሶ ሲመጣ ሰሚው ከበስተኋላው አንድ አሳቢ እንዳለ ይሰማዋል። አዝማች ሲመለስ ቃሉ ያው ነው፣ በመካከሉ ያለፈው ስንኝ ግን ትርጉሙን ለውጦታል። በስድ ንባብም አንድ ሐረግ እንዲሁ ሊመለስ ይችላል፤ በመጀመሪያ ሲመጣ ተራ ወሬ የነበረው፣ በመካከል ሞት ወይም መለያየት አልፎ ሲመለስ ልብ ይሰብራል።

አንድ ምሳሌ ከራሴ ሥራ ልጨምርልህ። ልጇ ርቆ የሄደባትን እናት የሚመለከት አጭር ታሪክ ጀምሬ፣ ከየትኛውም ቦታ ብነሣ የኀዘን መግለጫ ብቻ እየሆነብኝ አስቀምጬው ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ የመሣሪያ ቅንብር አዳምጥ ነበር፤ የመጀመሪያው ዜማ በሁለት ከፍ ያሉ ድምፆች ብቻ ይሄዳል፣ ከታች የሚሸከመው ወፍራሙ ድምፅ የለም፣ ሰሚው ግን ምን እንደ ጎደለ አያውቅም። ዜማው ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ወፍራሙ ድምፅ ቀስ ብሎ ይገባል፤ ያን ጊዜ እስካሁን የሰማነው ሁሉ በእርሱ አለመኖር ላይ የተሠራ እንደ ነበር እናውቃለን። ታሪኬ የፈለገው ይህን ነበር። የልጁን ስም ከመጀመሪያዎቹ ገጾች በሙሉ አወጣሁት፤ እናቲቱ ልብስ ታጥፋለች፣ ጎረቤት ታነጋግራለች፣ በር ትዘጋለች፣ ስለ ልጇ አንድም ቃል አይነገርም። ስሙ የሚጠራው ወደ መጨረሻው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እርሱም ሌላ ልጅ ስትጠራ ተሳስታ። ኀዘን የሚል ቃል በታሪኩ ውስጥ የለም፤ ያነበቡት ሁሉ ግን የነገሩኝ ስለ ኀዘኗ ነው። ከዚያ ቅንብር አንድም ድምፅ በታሪኩ ውስጥ አይሰማም። የወሰድሁት አሠራሩን ነው፤ ከሙዚቃ መነሣሣት ስንል ልንፈልገው የሚገባን ይህን ይመስለኛል፣ ስሜትን መዋስ ሳይሆን አሠራርን መማር።

ስለዚህ አሁን የምከተለው ልማድ ቀላል ነው። ወደ ጽሑፍ ጠረጴዛ ከመቀመጤ በፊት አንድ ቅንብር እመርጣለሁ፣ ስልኬን ከእጄ አርቃለሁ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሰማለሁ፤ ያስገረመኝ ስፍራ ካለ ያን ብቻ ደግሜ እሰማና ምን እንደተደረገ በአንድ ዐረፍተ ነገር ማስታወሻ ላይ አሰፍራለሁ። «ምቱ ተቋረጠ፣ ዜማው ግን ቀጠለ»፤ «መጨረሻ የመሰለኝ መጨረሻ አልነበረም»፤ እንዲህ ያሉ ናቸው። ከዚያ አጠፋዋለሁ፣ ጥቂት ጊዜም ዝም ብዬ እቆያለሁ። ይህ የዝምታ ጊዜ እንዳይቀር እለምንሃለሁ፤ የሰማሁት ምት ከጆሮዬ ሳይለቅ ከጀመርሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ዐረፍተ ነገሮች ርዝመታቸው ሁሉ እኩል ሆኖ ይወጣል። የጻፍሁትንም ሲያበቃ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ ዓይን ያለፈውን ጆሮ ይይዘዋል።

አሁን ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች የጀመርኸውን ልቦለድ አስባለሁ። በላክህልኝ ረቂቅ ውስጥ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ጠቡ በአንድ ገጽ ተጀምሮ በአንድ ገጽ ያልቃል፤ ሁለቱም ሁሉንም ይናገራሉ። እባክህ ሁለት መሣሪያዎች እየተቀባበሉ የሚጫወቱበትን፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ፈጽሞ የማይጠፋበትን አንድ ቅንብር ፈልገህ በጸጥታ አዳምጥ፤ ከዚያ ምዕራፉን ያለ ምንም ሙዚቃ እንደገና ጻፈው። ታናሹ ወንድም መልስ ሳይሰጥ የሚቆይበት ቦታ እንደሚኖር እገምታለሁ። ስትጨርስ የቀድሞውንም አዲሱንም ላክልኝ፣ ጎን ለጎን አድርጌ አነባቸዋለሁ፤ የመረጥኸው ቅንብር የትኛው እንደ ሆነም ጻፍልኝ፣ እኔም ልስማው።

ቤተሰብህን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

አክባሪህና ወዳጅህ