ለኮሌጃችን ተማሪዎች ወላጆች፦ ስለ ማዕረግ፣ ስለ ስልክና ስለ ግቢ ሥርዓት

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንዴት ከረማችሁ? ልጆቻችሁ ከሐይቅም፣ ከኩታበርም፣ ከወረኢሉም፣ ከባቲም መጥተው ደሴ ከትመዋል። ብዙዎቻችሁ ራቅ ብላችሁ ስለሆነ ያላችሁት፣ ምን እንደምንጠብቅባቸው ከእኛው ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው የምጽፈው።

ከውጤት ልጀምር። ስትደውሉ መጀመሪያ የምትጠይቁት እሱን ነው። ነጥብ የሚሰላው ከ4.00 ነው፤ በኮሌጃችን ለመመረቅ የተማሪው አጠቃላይ ነጥብ ከ2.00 ማነስ የለበትም። ማዕረግ ከ3.25 ይጀምራል። 3.50 የደረሰ በከፍተኛ ማዕረግ፣ 3.75 የደረሰ ደግሞ በእጅግ ከፍተኛ ማዕረግ ይመረቃል። ጥሩ ነጥብ ይዞ ለሚመጣ ልጅ በደንብ ደስ ይበላችሁ፤ ይገባዋል።

ግን ነጥቡ ብቻውን አይበቃም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ ከመመረቁ በፊት አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይወስዳል። 50 ከመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። 3.60 ይዞ እዚያ ላይ የሚወድቅ ልጅ ያሳዝነኛል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ነጥቡን ያመጣለት ሥራ የራሱ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሆነው። መምህሩ አሳይመንት ይሰጣል። ተማሪው ጥያቄውን ቻትጂፒቲ ለሚባለው፣ መልስ ጽፎ ለሚሰጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይልክና የመጣለትን ሳያነብ አሳትሞ ያስረክባል። ወረቀቱ ሲያዩት ያምራል። «እስኪ ይህን አስረዳኝ» ሲባል ግን ዝም ነው። ስለዚህ ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ የሠራውን መምህሩ ፊት ቀርቦ በቃል ያስረዳል። ማስረዳት ካልቻለ ዜሮ ነው። ከደገመው ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሄዳል። ቴክኖሎጂውን አልከለከልንም። ያልገባውን ቢጠይቅበት፣ እንግሊዝኛውን ቢያሻሽልበት ደስ ይለናል። የማንቀበለው በሰው ወይም በማሽን የተሠራን «የኔ ነው» ማለትን ነው።

የመውጫ ፈተናው የሚሰጠው ደግሞ በኮምፒውተር ነው። ልጆቻችን ስልክ ላይ ፈጣን ናቸው፤ ማውዝ ሲይዙ ግን እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አሉ። በቤተሰብ ኮምፒውተር ስላልነበረ ነው፣ አያፍሩበት። የኮምፒውተር ላቦራቶሪው እስከ ማታ 2 ሰዓት፣ ቅዳሜም ጭምር ክፍት ነው። ቅዳሜ ስትደውሉ «ላብ ገብተሃል? ገብተሻል?» በሏቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ የትምህርት ተቋማት ኮምፒውተርም መጽሐፍም እንደተዘረፉ ታውቃላችሁ። አሁን ያለው በስንት ልፋት የተገኘ ነው። ኪቦርድ የሰበረ ተማሪ ዋጋውን ይከፍላል፤ እዚህ ላይ ምሕረት የለንም።

ስለ ገንዘብም አንድ ነገር ልንገራችሁ። በስልክ የሚደረግ የስፖርት ውርርድ ወንዶቹን ክፉኛ እየጎዳ ነው። ለምግብ ብላችሁ በቴሌብር የላካችሁት ብር በአንድ ሌሊት ያልቃል። የግቢው ዋይፋይ ላይ ዘግተነዋል፤ በራሳቸው ዳታ ሲገቡ ግን ልንይዘው አንችልም። ልጃችሁ በወር መካከል «ብር ላኩልኝ» ማለት ካበዛ ዝም ብላችሁ አትላኩ። መጀመሪያ ጠይቁት፣ ከዚያ ለእኛ ደውሉ። በቴሌግራም «የመውጫ ፈተና መልስ አለን» እያሉ ብር የሚሰበስቡም አሉ። አጭበርባሪዎች ናቸው፤ ሳንቲም እንዳትልኩ።

ጫት፣ ሲጋራና መጠጥ ግቢ ውስጥ ክልክል ነው። የመኝታ ክፍል ሰዓት ይከበራል። ይህን ታውቁታላችሁ፣ አላረዝመውም። ሁለት ነገር ላይ ግን ጠንካሮች ነን። አንደኛው፣ ተማሪን በተለይም ሴቶችን ያለፈቃድ መቅረጽና ፎቶ ይዞ ማስፈራራት ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ በኮምፒውተርና በስልክ ሰውን ማስፈራራትን በወንጀል ይቀጣል። እኛም ከማባረር ወደኋላ አንልም። ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ አብሽሩ፤ እንዲህ ዓይነት ነገር ከገጠማት አቤቱታዋን የምትሰማ ሴት መምህርት መድበናል። ስሟም አይወጣም። እቤት ደግሞ «አንቺ ምን አድርገሽ ነው?» አትበሏት።

ሁለተኛው፣ ሃይማኖትንና ብሔርን የሚሳደብ ጽሑፍ ማጋራት ነው። ልጆቻችሁ በዒዱም በገናውም ጎረቤት ቤት እየበሉ ያደጉ ናቸው። ጸቡን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ የማያውቁት ሰው ነው፤ እነሱ ደግሞ ሳያስቡ ያጋሩታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ስላለ «አጋራሁ እንጂ አልጻፍኩም» ብሎ ማምለጥ አይቻልም። እባካችሁ እናንተም ምከሯቸው።

የተማሪን ውጤት በስልክ አንናገርም፤ ደዋዩ ማን እንደሆነ ማረጋገጥ ስለማንችል ነው። መታወቂያ ይዛችሁ ሬጅስትራር (የተማሪዎች መዝገብ ቢሮ) ስትመጡ ግን ቁጭ ብለን እናሳያችኋለን። ስልክ ቁጥር የቀየራችሁ፣ በልጃችሁ በኩል አዲሱን ላኩልን።

ከአክብሮት ጋር
የኮሌጁ ዲን፣ ደሴ